ጄነሬተሩን ያሳረፍነው እና ሃይላንዱን ለጽዳቶቹ የሰጠነው እንዴት ነው

ለገሃር አካባቢ አንድ ድርጅት ጠቅላላ አገልግሎት ላይ ነው የምሰራው። ግሪን ቴክኖሎጂ ሲባል ሁሉም ቶሎ የሚመጣለት ጣሪያ ላይ ሶላር መደርደር ነው፣ እኔ ግን ከጄነሬተሩ ጀመርኩ ምክንያቱም የሀገራችን መብራት ከ90 ፐርሰንት በላይ ከውሃ ነው የሚመነጨው፣ ጭሱ ያለው መብራት ሲጠፋ ጓሮ የሚነሳው ማሽን ላይ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ የሚሰጠው ደግሞ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ እሱም በቂ ሎድ (ማለትም ባንድ ጊዜ የሚጎትተው የእቃ ኃይል) ካለው። የኛ ለሰርቨርና ለጥቂት ኮምፒውተር ብቻ ይነሳ ስለነበር ያን ሁሉ ናፍጣ በከንቱ ነበር የሚጠጣው።

የግድ የሚያስፈልጉትን መስመሮች አስለየንና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል እቃዎቹ ወደሚጠቀሙት መብራት የሚቀይር) እና መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ሊትየም ባትሪ አስገባን። አለቆቹን ያሳመናቸው የናፍጣ ደረሰኙ ነው፣ ደርድሬ አሳየኋቸው አለቀ።

ግን እቃው ብቻውን አይሰራም። መብራት እልም ሲል ጄነሬተር የሚያስነሱት ጥበቃዎቹ ናቸው፣ ስለዚህ የባትሪውን ፐርሰንት ማንበብ አሳየናቸውና መቼ ይነሳ የሚለውን ራሳቸው እንዲወስኑ ተውነው፣ ከዛ በኋላ ያለ ምክንያት ተነስቶ አያውቅም።

ቆሻሻው ላይም እንደዛው። ወረቀት፣ ካርቶን፣ ሃይላንድ ሁሉም ባንድ ማዳበሪያ ተጠቅጥቆ ነበር የሚወጣው። የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ በመጋቢት 2009 ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ከሞተ በኋላ "ይጣል" የሚለው ቃል ይከብደኛል፣ የሚጣልበት ቦታ ሰው ይኖርበታል። የጽዳት ሰራተኞቻችንን ሰብስበን ለይታችሁ የሸጣችሁት ብር የናንተ ነው አልናቸው፣ በቃል ሳይሆን በደብዳቤ፣ አለቃ ሲቀየር እንዳይነጠቁ። ይሄ ደብዳቤ ከባትሪው እኩል ዋጋ አለው ብዬ ነው የማምነው። ለየትኛው ቆራሌው እንደሚሸጡ፣ ስንት እንደሚሉት እነሱ ናቸው የሚያውቁት፣ በብሩ እቁብ ጀምረዋል። ሰራተኛውን ደግሞ ከኔ ማስታወቂያ በላይ እነሱ አስተካከሉት፣ አንዷ እናት ሻይ የተረፈበትን ኩባያ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ሊጥል ያለውን ልጅ "አንተ ልጄ ወረቀቱን አታርጥብብኝ፣ የራሰ አይገዙኝም" ስትለው ሰምቻለሁ።

እናንተም ጋ ልትጀምሩ ካሰባችሁ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን አስጠርታችሁ መብራት ሲጠፋ የምትጠቀሙትን ሎድ አስለኩ፣ ያለዛ ሻጩ ትልቁን ነው የሚሸጥላችሁ። እኛ አሁን ጽዳቶቹ ክረምት ሳይገባ ለወረቀቱ መጠለያ ጠይቀው ቆርቆሮው ተፈቅዷል፣ እሱን እያሰራን ነው።