ዘይቱን የጠረግሁት እኔ ነኝ

ባሕር ዳር ጋራዥ ውስጥ በረዳትነት በምሠራበት ጊዜ ነው። ወደ ጢስ ዓባይ የምትመላለስ ሚኒባስ መጣች። መንገዱ ቢበዛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጠጠርና ጉድጓድ ነበር፣ በገበያ ቀን ደግሞ ሰው ከነጓዙ ጢም ብሎ ይጫንባታል።

ሾፌሩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋን ትደፋለች፤ ጉድጓድ ካለፍኩ በኋላም መወዛወዟን አትተውም» አሉኝ። ከሥር ገባሁ። የኋላው ግራ ሾክ አብዞርበር፣ ማለትም የመኪናዋን መወዛወዝ የሚገታው ዘይት ያለበት ቱቦ፣ ከላይ እስከ ታች በዘይት ርሶ አቧራው ጭቃ ሆኖበታል። ቀለል ያለ ወዝ ቢሆን አልደነግጥም፣ ደህና ሾክም ወዝ አያጣውም። ይህኛው ግን ስነካው ክንዴ ድረስ ወረደ።

አለቃዬ ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየውም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አየና «ከተገጠመ ገና 40 ሺህ ነው። ሾክ 80 ሺህ ሳይሞላ አይሞትም። ጥረገውና ልቀቃቸው» አለኝ።

ጠረግሁት። እስኪያብረቀርቅ ጠረግሁት። ጋሼ ጎንበስ ብለው ሲያዩ ያገኙት ንጹሕ ብረት ነው።

80 ሺህ የሚባለው ውሸት አይደለም፤ ጥሩ አስፋልት ላይ የሚውል መኪና ከዚያም አልፎ 150 ሺህ ሊያደርስ ይችላል። ነገር ግን የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ወይም ባሌስትራው (ድርብርቡ ዝርግ ብረት) ነው። የሾክ ሥራ ውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሾለከ የእነሱን ንዝረት ወደ ሙቀት መለወጥ ነው፤ ስለዚህ የሚያረጀው በተመታው ልክ ነው። ቆጣሪው ደግሞ ምቱን አይቆጥርም። ዛሬ በራሴ ጋራዥ ውስጥ ባለመኪናው ፍሳሹን በጣቱ ሳይነካ ማንም ጨርቅ አያነሣም።

በወሩ ጋሼ ጎማ ታቅፈው መጡ። አለቃዬን አልፈው ወደ እኔ ነው የመጡት። እጄን ይዘው መዳፌን በጎማው ላይ አስኬዱት። ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ። ዙሪያውን በማንኪያ የተዛቀ ይመስላል። መሬቱን እየለቀቀ መልሶ የሚረግጥ ጎማ እንዲህ ይበላል።

«አይተኸው ነበር?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። አለቃዬ ከወዲያ ሆኖ «የጎማው ጥራት ነው» አለ። ዞር ብለው አላዩትም።

የኋላዎቹን ሁለቱንም ቀየርናቸው፤ አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ አድርጎ መልቀቅ መኪናዋን አንካሳ ማድረግ ነው። አዲሶቹን ቀጥ አድርጌ አቁሜ፣ አየሩ እስኪወጣ ደጋግሜ ስቤ ገፍቼ ገጠምኋቸው። ጋሼ የመኪናዋን የኋላ ጥግ በሙሉ ክብደታቸው ተጭነው ለቀቁት። አንድ ጊዜ ተነሥታ ቀጥ አለች።

ለወትሮው «ተባረክ ልጄ» ሳይሉኝ አይሄዱም ነበር። ያን ቀን ሂሳባቸውን ከፍለው፣ የተበላውን ጎማ ጭነው፣ ዝም ብለው ሄዱ።