የጠፋው ልጅ ያልጨረሰው ስንኝ

በዘመኑ መንፈሳዊ ግጥም ውስጥ ንስሐ ሞልቷል፤ ለውጥ ግን ጥቂት ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከቤት አመታቱ (ከስንኞች መጨረሻ ድምፅ መመሳሰል) ይጀምራል። ‹‹ማረኝ››፣ ‹‹መልሰኝ››፣ ‹‹አንጻኝ›› እየተባለ ስንኙ ሁሉ በ‹‹ኝ›› ሲዘጋ፣ ተናጋሪው ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው ያው ደጅ ላይ ቆሞ ይለምናል። ‹‹ድሮ እንዲህ ነበርኩ፣ አሁን ግን›› የሚለውም አይሻልም፤ ሁለቱን ዳርቻ ነግሮ መሻገሪያውን ይዘላል።

መሻገሪያው እንዴት እንደሚጻፍ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለው የጠፋው ልጅ ታሪክ ያሳያል። ልጁ እሪያ ሲጠብቅ ‹‹ወደ ልቡ ተመልሶ›› ለአባቱ የሚለውን ያሰናዳል። (‹‹ተመለሰ›› ሰሙ መንገድ፣ ወርቁ ንስሐ ነው፤ ግሡ ራሱ ቅኔ ሆኖ ተቀምጧል።) የተሰናዳው ንግግር ቁጥር 19 ላይ ‹‹ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ›› ብሎ ያበቃል። ቁጥር 21 ላይ አባቱ ፊት ሲቆም ግን ይህች ልመና የለችም። አባትየው ልብስ አምጡ ብሏል።

ይህን በወል ቤት፣ ማለትም እያንዳንዱ ስንኝ 6 እና 6 ቀለም (በአፍ የሚሰማ የድምፅ ምት) ባላቸው ሁለት ሐረጎች በሚከፈልበት የግጥም ልክ እንሞክረው። በእሪያው ሜዳ ልጁ እንዲህ ይለማመዳል፦

አባቴ በደልኩህ፣ በሰማይ በፊትህ፤
ልጅህስ አልባልም፣ ልደር እንደ ሎሌህ።

ቀለም የሚቆጠረው በጆሮ ነው፤ ‹‹በደልኩህ›› በወረቀት 5 ፊደል፣ በአፍ 3 ቀለም ነው። ቤቱን የያዘችው የ‹‹ህ›› ቅጥያ ብቻ መሆኗ ርካሽ ነው፤ ለተሸመደደ ንግግር ግን ይስማማል። አባቱ ፊት ሲደርስ ስንኙ ይደገማል፦

አባቴ በደልኩህ፣ በሰማይ በፊትህ፤
ልጅህስ አልባልም፣

የመጨረሻው ስንኝ ሁለተኛ ሐረግ ባዶ ይቀራል። ጆሮ ‹‹ሎሌህ››ን ይጠብቃል፤ ሎሌነቱ ግን ሳይነገር ቀርቷል። ባዶው የሚሠራው አንባቢው ሙሉውን አስቀድሞ ከሰማ ብቻ ስለሆነ፣ ግጥሙ 12 ስንኝ ቢኖረው 8ቱን ለሜዳውና ለመንገዱ መስጠት ያዋጣል። ብዙ ገጣሚ እዚህ ፈርቶ ‹‹አቅፎ ሳመኝ›› ብሎ ባዶውን ይሞላና ሁሉን ያበላሻል።

የታላቅ ወንድሙ ነገር ይከብዳል። እሱ ደጅ ቆሞ፣ የሚለምነው አባትየው ነው፤ ይግባ አይግባ ወንጌሉ አይናገርም። ስለ እሱ የሚጽፍ ሰው ‹‹ማረኝ››ን የሚያስገባበት ቦታ አያገኝም።