እጄን ኪሴ ከትቼ መቆም

ማይክሮፎኑ ዝም ያለው እንግዳው ንግግር ሊጀምር ሲል ነው። አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ ያህል ተማሪ አለ። መድረኩን የምትመራው የክርክር ክበቡ ሰብሳቢ ነበረች፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ። ማይክሮፎኑን መታ መታ አደረገችው። ወደ ድምፅ ክፍሉ አየች። ከዚያ ወረቀቷን አጠፈችና አንድ እርምጃ ወደ ሕዝቡ ቀረበች።

ምን ልታደርግ እንደነበር አላየሁም። ቀድሜያት መድረክ ላይ ወጣሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ሰዉን አሳቅሁ፤ ቴክኒሻኑን ጠራሁ፤ እንግዳውን አስተዋወቅሁ። በአራት ደቂቃ ሁሉም ነገር ተስተካከለ። ተጨበጨበልኝ። አለቃዬም "ጎበዝ፣ አዳንሽው!" አለኝ።

እሷ መጋረጃው ጥግ ቆማ ነበር። በሳምንቱ ቢሮዬ መጣችና የክበቡን መዝገብና የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። አልተቆጣችም። "ሥራው ሲከብድ የሚሠሩት እርስዎ ከሆኑ፣ እኔ ባልኖርም ምንም አይጎድልም" አለችኝ።

ይህ ከሆነ ስምንት ዓመት አለፈው። እኔ ኮሌጅ ውስጥ የተማሪዎች እንቅስቃሴ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ክበባት፣ ውድድሮች፣ የበጎ ፈቃድ ሥራዎች፣ የአዲስ ተማሪዎች አቀባበል በእኛ እጅ ያልፋሉ። በየዓመቱ መጀመሪያ የክበብ መሪዎችን የማሠለጥነውም እኔ ነኝ። ያቺንም ልጅ ያሠለጠንኳት እኔው ነበርኩ፤ ሁለት ቀን ሙሉ። ስለ ስብሰባ አመራር፣ ስለ በጀት፣ ስለ ግጭት አፈታት፣ በራስ ስለ መተማመንም ጭምር ነግሬያታለሁ። የሁለት ቀኑን ትምህርት በአራት ደቂቃ አፈረስኩት።

ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው አንድ ነገር ገባኝ። በዚያ ምሽት አዳራሹ ውስጥ ሥልጠና ያልወሰድኩት እኔ ነበርኩ። ሥራ ስጀምር የሰጡኝ የቢሮ ቁልፍ፣ የበጀት ቅጽና የአዳራሽ መያዣ መዝገብ ነው። ተማሪ አጠገብ እንዴት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚናገሩና መቼ ዝም እንደሚባል ያሳየኝ አልነበረም። የክበብ መሪዎች ሥልጠና ሲባል ሁላችንም ዓይናችን ወደ ተማሪው ነው። ከተማሪው ጀርባ የሚቆመውን ሰው ግን ሥራውን እንደሚያውቅ አድርገን እናልፈዋለን።

"ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ይባላል። ቢሮ ውስጥ ይህን አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም። በሥራችን ላይ ግን አለ። ተማሪዎቹ የሠሩትን ፖስተር ማታ ላይ "ትንሽ ነካ ነካ" አድርገን ስናሳትመው አለ። ስብሰባ ጠርተን፣ አጀንዳውን ራሳችን ጽፈን፣ መጨረሻ ላይ "እሺ፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?" ስንል አለ። እኔ ይህን ሁሉ አድርጌያለሁ። በክፋት አልነበረም። ፕሮግራሙ እንዲያምርላቸው ስለምፈልግ ነው። ለዚህም ነው ችግሩን ለማየት ዓመታት የፈጀብኝ፤ ከፍቅር የመጣ ጣልቃ ገብነት ጥፋት አይመስልም።

ሮጀር ሃርት የተባለ ምሁር ለዩኒሴፍ በ1992 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው አንድ መሰላል አለ። ሼሪ አርንስታይን በ1969 ስለ ዜጎች ተሳትፎ ከሠራችው መሰላል ተነሥቶ ያዘጋጀው ነው። የተሠራው ለልጆች ተሳትፎ ነው፤ ግን የእኛን ሥራ አብጠርጥሮ ያሳያል። ስምንት ደረጃ አለው። የታችኞቹን ሦስቱን ሃርት ተሳትፎ ብሎ አይጠራቸውም። ልጆችን ለራስ ዓላማ መጠቀም፣ ለጌጥ ማቆም፣ ለይስሙላ ማስቀመጥ ናቸው። መሰላሉን ሠራተኞች ፊት ግድግዳ ላይ ለጥፌ "ያለፈውን ዓመት ፕሮግራሞቻችንን የትኛው ደረጃ ላይ እናስቀምጣቸው?" ብዬ ጠይቄያለሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከመካከላችን አንጋፋው ተነሥተው ራሳቸው ያማከሩትን ትልቅ ፕሮግራም ሁለተኛው ደረጃ ላይ ለጠፉት። ለጌጥ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሁላችንም እውነቱን መናገር ቻልን።

የመሰላሉ ጫፍ ላይ ያለው ነገርም ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። ጫፉ አዋቂው ጥሎ የሚሄድበት ደረጃ አይደለም። ሐሳቡ ከወጣቶቹ ይነሣል፤ ውሳኔው ግን ከአዋቂዎች ጋር አብሮ ይደረጋል። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያች ልጅ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ጭራሽ ራቅሁ። ተማሪዎቹ ሲጠይቁኝ "እናንተ ወስኑ" እል ነበር። በዚያ ዓመት ሁለት ክበቦች ተበተኑ። የአንደኛው ክበብ ገንዘብ ያዥ የገባው ውል ምን እንደሚል ሳይረዳ ፈርሞ ኖሮ ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ከርሟል። እኔ ዝም ማለቴን አክብሮት አድርጌ ቆጥሬው ነበር። ለእሱ ግን ብቻውን መጣል ነበር።

ኔቪት ሳንፎርድ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1960ዎቹ ስለ ኮሌጅ ተማሪዎች ያነሣው ሐሳብ ይህንኑ ይመለከታል። ተማሪ እንዲያድግ ፈተናም ድጋፍም ያስፈልገዋል። ፈተናው ከድጋፉ ሲበዛ ይሸሻል። ድጋፉ ሲበዛ ደግሞ ባለበት ይቀራል። ክርክር ክበቧን ልጅ ድጋፍ አብዝቼ አስቀረኋት፤ ገንዘብ ያዡን ፈተና አብዝቼ ጎዳሁት። መጠኑ ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ ልጁን ማወቅ ግድ ነው። ለሠላሳ ክበብ አንድ አማካሪ መድቦ ይህን መጠበቅ አይቻልም፤ ይህን ለኃላፊዎች በየዓመቱ እናገራለሁ፣ ወደፊትም እናገራለሁ።

አሁን ሥልጠናችን ሌላ መልክ አለው። የሚጀምረው ከሠራተኞች ነው፤ ተማሪዎቹ ከመምጣታቸው ሁለት ሳምንት በፊት። ሠራተኛ ስል አማካሪዎችን ብቻ ማለቴ አይደለም። ደረሰኝ የምትቀበለው የሒሳብ ሠራተኛ፣ አዳራሽ የሚከፍተው፣ ማታ በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ፣ ድምፅ ማጉያውን የሚይዘው ቴክኒሻን ሁሉም ይመጣሉ። ተማሪ መሪ ከእኔ ይልቅ ከእነሱ ጋር ነው የሚውለው። "ማነህ አንተ? አማካሪህን ጥራ!" የተባለ የክበብ ሰብሳቢ ሥልጣኑን እዚያው በር ላይ ይነጠቃል። የፈለግነውን ያህል ስለ አመራር ብንነግረው ያ ቃል ያጠፋዋል።

ከሁሉ የምወደው ክፍለ ጊዜ የወንበር ልውውጡ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ የክበብ ገንዘብ ያዥ ትሆናለች፤ ካለፈው ዓመት ገንዘብ ያዦች አንዱ ደግሞ ከጠረጴዛው ጀርባ ይቀመጣል። ቅጹን ይዛ ትመጣለች። ፊርማ ጎድሎታል። ትመለሳለች። ማኅተም የለውም። ትመለሳለች። በሦስተኛው ላይ የምሳ ሰዓት ደረሰ። የመጀመሪያ ጊዜ ስንሠራው ሁሉም ይሥቅ ነበር፤ እሷ ግን አልሣቀችም። ቅጹን ገልብጣ አየችውና "ለምን የሚያስፈልገው ሁሉ ጀርባው ላይ አልተጻፈም?" አለች። በማግስቱ ራሷ ጻፈችው። እስከ ዛሬ የምንጠቀመው የእሷን ነው።

ሌላው ልምምድ የእጅ ነው። ቀላል ይመስላል። ተማሪ ሆኖ የሚሠራ አንድ ሰው መድረክ ላይ ፕሮግራም ይመራል፤ አማካሪው ከጎን ይቆማል። እኔ ነገር አበላሻለሁ። ፕሮጀክተር አጠፋለሁ፤ እንግዳው ቀረ እላለሁ፤ ሁለት ሰው አስጨቃጭቃለሁ። አማካሪው እጁን ኪሱ ከትቶ ሦስት ደቂቃ መቆም አለበት። ሰዓት ይያዝበታል። ሦስት ደቂቃ እንዴት እንደሚረዝም ያልሞከረው አያውቀውም። የተፈቀደለት ነገር መሪው ዞር ብሎ ካየው ዓይን ለዓይን መተያየትና፣ ከተጠየቀ በጥያቄ መመለስ ነው። "ምን አስበሃል?" "ማን ሊረዳህ ይችላል?" ይበቃል።

እጅ ከኪስ የሚወጣባቸው ጊዜያትም አሉ። እነዚህን በግልጽ ተስማምተንባቸዋል። የሰው ደኅንነት አደጋ ላይ ሲወድቅ። ክበቡ የማይመለስ ዕዳ ወይም ውል ውስጥ ሊገባ ሲል። አንድ ተማሪ በሰው ፊት ሲዋረድ፣ ሲተነኮስ ወይም ሲሰደብ። ያኔ አማካሪው ሦስት ሰከንድም አይጠብቅም። ከዚህ ውጭ ያለው፣ ማለትም የዘገየ ፕሮግራም፣ ፊደል የተሳሳተ ፖስተር፣ ግማሹ ባዶ የሆነ አዳራሽ፣ ሁሉም መማሪያ ነው።

የተማሪዎቹን ሥልጠናም የሁለት ቀን ማጨቅ መሆኑን አስቀርተነዋል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 የማስታወስ ሙከራዎቹን ራሱ ላይ ሠርቶ ሰው የተማረውን ቶሎ እንደሚረሳ፣ ትምህርትን በጊዜ ከፋፍሎ ማጥናት ደግሞ በአንዴ ከመሸምደድ እንደሚሻል አሳይቷል። ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው። እኛ ግን በመስከረም ስለ ርክክብ እናስተምርና በሰኔ ለምን ረሱት ብለን እናዝን ነበር። አሁን ትምህርቱ ሥራው ሲደርስ ይመጣል። በጀት ሊጠይቁ በሚዘጋጁበት ሳምንት ስለ በጀት። የመጀመሪያው ስብሰባ ሊጠራ ሲል ስለ አጀንዳና ቃለ ጉባኤ። በየጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል፤ ከዚያ አይበልጥም።

ጠብ የሚነሣበት ጊዜም አለው። ብሩስ ተክማን በ1965 ቡድኖች በየትኞቹ ደረጃዎች እንደሚያልፉ ሲጽፍ ከትውውቁ ቀጥሎ ያስቀመጠው የግጭት ወቅት ነው። መስማማቱና በወጉ መሥራቱ ከዚያ ይከተላል። በእኛ ክበቦች ይህ ወቅት ሦስተኛው ወር አካባቢ ይመጣል። ጸሐፊዋ የቴሌግራም ግሩፑን ትታ ትወጣለች። ምክትሉ ስልክ አያነሣም። አማካሪው ሮጦ ሊያስታርቅ ይከጅለዋል። ስለዚህ በሁለተኛው ወር መጨረሻ መሪዎቹን ሰብስበን "የሚቀጥለው ወር ይከብዳችኋል፤ ይህ የመክሸፍ ምልክት አይደለም" እንላቸዋለን። አንድ ሰብሳቢ በኋላ "ባትነግሩን ኖሮ ክበቡ በእኔ ምክንያት የፈረሰ ይመስለኝ ነበር" ብሎኛል።

ተክማን በ1977 ከሜሪ አን ጄንሰን ጋር ሆኖ አምስተኛ ደረጃ ጨምሯል፤ የመለያየትን። ለእኔ የኮሌጅ ክበብ ሕይወት እዚያ ላይ ነው ያለው። ሠራተኛ ለዓመታት ይቆያል፤ የክበብ መሪ ግን በዓመቱ ይሄዳል። ሳያስረክብ ከሄደ ቀጣዩ ከዜሮ ይጀምራል፤ እንግዳ የሚጠራበትን ስልክ፣ ባለፈው የከሸፈውን ነገር፣ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ሳይቀር እየፈለገ። እኛ አራት ሳምንት አሮጌውና አዲሱ መሪ አብረው እንዲሠሩ እናደርጋለን። በመጀመሪያው ሳምንት አዲሱ ያያል፤ በመጨረሻው ሳምንት አሮጌው እጁን ኪሱ ከትቶ ይቆማል። ያንኑ ልምምድ ማለት ነው። አሮጌው መሪ የሚጽፈው የርክክብ ደብተርም አለ። አንድ ገጹ "ያበላሸሁትና እንዴት እንዳስተካከልኩት" ይላል። ከደብተሩ ሁሉ በብዛት የሚነበበው ያ ገጽ ነው።

ባለፈው ወር የድራማ ክበቡ ምሽት ነበር። ከእኔ ጋር የቆመው ሥራ ከጀመረ ስድስት ወር ያልሞላው ባልደረባዬ ነው። ልክ የመጀመሪያው ተናጋሪ ሲወጣ ድምፅ ማጉያው ጠፋ። ባልደረባዬ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ሁለት እጄን የጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። እሱም ከተተ።

መድረክ ላይ ያለው ተማሪ ትንሽ ተደናገጠ። ወደ ባልደረባዬ ሲያይ ባልደረባዬ ራሱን ነቀነቀለት። ከዚያ ተማሪው ከመድረኩ ወረደና ኋላ ያሉትን በእጁ ጠራቸው። "ኑ፣ ወደፊት ኑ! መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ያለ ማጉያ እንሰማማለን" አለ። ሰው እየተንጫጫ ተነሣ። ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ተናጋሪዋ በእግሯ መካከላቸው ገብታ ቆማ ተናገረች። ማጉያው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲሠራ ማንም ወደ ቦታው መመለስ አልፈለገም።

ባልደረባዬ "እጄ ላብ በላብ ሆኗል" ብሎ መዳፉን አሳየኝ። የእኔም እንደዚያው ነበር። እኔ ግን የማስበው ያቺን የክርክር ክበብ ሰብሳቢ ነበር። እሷም ያን ምሽት ወረቀቷን አጥፋ አንድ እርምጃ ወደ ሕዝቡ ቀርባ ነበር።