በጣና ዳር 91ን ስንፈትን

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ካለ ዋርካ ሥር ተቀምጠን ሳለን፣ የእህቴ ልጅ ከደብተሯ ቀና ብላ «ጋሼ፣ 91 ብቸኛ ቁጥር ነው አይደል?» ስትል ጠየቀችኝ።

ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ሙሉ ቁጥር ስለሆነ፣ መልሱን ከመንገር ይልቅ አብረን መፈተን ጀመርን። መጨረሻው 1 ስለሆነ በ2ም በ5ም አይካፈልም፤ 9 እና 1 ሲደመሩ 10 ስለሚሆኑ በ3ም አይካፈልም። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ያቆማል፤ እኔም በልጅነቴ እዚሁ አቁሜ ተሳስቻለሁ። 7 ግን ገና ነው። ከዳርቻው የለቀምናቸውን 91 ጠጠሮች ሰባት ሰባት አድርገን ስንደረድር 13 ረድፍ ሞላ፤ አንድም ጠጠር አልተረፈም።

ፍተሻው የት ላይ እንደሚቆም ማወቅ ከሁሉ ይበልጥብኛል፤ 10 በ10 ሲባዛ 100 ስለሚሆን፣ ከ100 የሚያንስ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ከሁለቱ አንዱ የግድ ከ10 ያንሳል። በ4፣ በ6፣ በ8 ወይም በ9 የሚካፈል ደግሞ በ2 ወይም በ3 መካፈሉ አይቀርም፤ ስለዚህ 97ን በ2፣ በ3፣ በ5 እና በ7 ብቻ ሞክረን ብቸኛ መሆኑን አረጋገጥን።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን፣ የጣና ውኃ በዓባይ በኩል በሚደርስባት ግብፅ፣ በእስክንድርያ የኖረው ግሪካዊው ኤራቶስቴንስ ብዜቶችን እየሰረዙ ብቸኞቹን የመለየት ዘዴ በስሙ ይጠራል። የእህቴ ልጅም 1ን ትታ፣ አራቱን ቁጥሮች ራሳቸውን ሳትነካ ሌሎቹን ብዜቶቻቸውን እስከ 100 ድረስ ስትሰርዝ 25 ቁጥሮች ቀሩ፤ የጣና ደሴቶች ብዛት ተብሎ የሚነገረው 37ም ከመካከላቸው ነበር።