«ቲቸር» በሃኖይ
ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «እንዴት ቬትናም ሄድክ?» ብሎ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የነበረኝ የቢሮ ሥራ ሰልችቶኝ ነበር፤ ቬትናም ደግሞ ዲግሪ፣ የ120 ሰዓት የማስተማር ሰርተፍኬትና ንጹሕ የፖሊስ ማስረጃ ያለውን ሰው እንግሊዝኛ እንዲያስተምር ትቀበላለች። ፓስፖርቴ የአሜሪካ ስለሆነ በወረቀት ላይ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻዬ ነው። አዲስ አበባ ተወልጄ እንዳደግኩና እንግሊዝኛን በወጉ የያዝኩት አሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ከገባሁ በኋላ እየተንተባተብኩ መሆኑን የጠየቀኝ የለም።

ቅጥሩ ግን እንደ ወረቀቱ አልቀለለኝም። በስልክ ስናወራ «መቼ ትጀምራለህ?» ያለኝ አንድ የቋንቋ ማዕከል፣ ቪዲዮ ከፍተን ከተያየን በኋላ «ወላጆች ሌላ ዓይነት መምህር ነው የሚጠብቁት» ብሎ ጠፋ። ነጭ የሚለውን ቃል ማንም አልተናገረውም፤ መናገርም አላስፈለገም። እዚህ የተዋወቅኳቸው ጥቁር መምህራን ሁሉ ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። ከዚያ በኋላ ፎቶና ሲቪ ልኮ መጠበቁን ተውኩትና በአካል እየሄድኩ «አንድ ክፍለ ጊዜ ላስተምርና እዩኝ» ማለት ጀመርኩ። የቀጠሩኝም ከልጆች ጋር ያዩኝ ናቸው። ልጆቹ እንደሆነ ከፀጉሬ በስተቀር ምንም አላስጨነቃቸውም፤ እሱንም ተራ በተራ ነክተው ረሱት። «ቲቸር! ቲቸር!» ይሉኛል፣ ልክ እንደ እኛ አገር ተማሪ።

ማዕከሎቹ የሚሠሩት ልጆች ከመደበኛ ትምህርት ከተለቀቁ በኋላ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ። ሌላው ዓለም ሲያርፍ እኔ እሠራለሁ፣ ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ሥራ ፈት ነኝ። ይህን ቀድሞ ያላወቀ ሰው ጓደኛ ለማፍራት ይቸገራል።

ክፍል ውስጥ ብቻዬን አይደለሁም። ረዳት መምህርት አለች፤ አብዛኞቹ ረዳቶች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። የሚጣሉትን የምታስታርቅ፣ ትእዛዜን በቬትናምኛ የምታደርስ፣ ወላጅ ሲቆጣ ስልኩን የምታነሳ እሷ ናት። የቱ ልጅ እናቱ ሆስፒታል እንደገባች፣ የቱ ልጅ ሳይበላ እንደመጣ ታውቃለች። እኔ ከሷ በላይ ይከፈለኛል፤ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ቢያንስ የዕለቱን ትምህርት ከመጀመራችን በፊት አብረን እናየዋለን፣ በልጆች ፊትም አላርማትም።

የማስተማሩ ዋና ፈተና ሰዋስው አይደለም፤ የቃል መጨረሻ ነው። ቬትናምኛ ውስጥ በ«ስ» ወይም በ«ፍ» ድምፅ የሚያልቅ ቃል የለም። ስለዚህ «ናይስ»ም «ናይፍ»ም ልጆቹ አፍ ላይ «ናይ» ይሆናሉ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ቃሉን ጮክ ብለው ይደጋግሙታል፤ ልጁ ግን ችግሩ ጆሮው አይደለም። እኔ ራሴ «እስቱደንት»፣ «እስፖርት» እያልኩ የተሳቀብኝ ሰው ስለሆንኩ ነገሩ ምላስ ላይ እንዳለ አውቀዋለሁ። ቀጭን ወረቀት ቆርጬ ለእያንዳንዱ እሰጣለሁ፤ ከንፈራቸው ፊት ይዘው ቃሉን ይጨርሳሉ። ትንፋሹ ከወጣ ወረቀቱ ይርገበገባል። አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበር፣ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ። ወረቀቱ ሲንቀጠቀጥለት ዓይኑን አፍጥጦ አየውና ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ በየጓደኛው ጆሮ «ስስስስ» እያለ ዞረ። ረዳቴ ልታስቀምጠው ስትል ተይው አልኳት።

በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ደግሞ ተራው የእነሱ ነው፤ ቬትናምኛ ያስተምሩኛል። የሃኖይ ቬትናምኛ ስድስት ድምፀት፣ ማለትም የቃሉን ትርጉም የሚለውጥ የድምፅ አወጣጥ፣ አለው፤ የእኔ ጆሮ ሦስቱን ከለየ ትልቅ ነገር ነው። ያለ ርኅራኄ ይስቁብኛል። ቲቸር ሲሳሳት ያየ ልጅ በማግሥቱ ለመሳሳት አያፍርም፤ ከየትኛውም ጨዋታ ይልቅ ይህ ሠርቶልኛል።

ወላጆች በሙሉ ዛሎ በሚባለው የመልእክት መተግበሪያ ግሩፕ ውስጥ ናቸው። ረዳቷ ክፍሉን እየቀረጸች ትልካለች፤ ሰሌዳ ላይ አንድ ፊደል ከዘለልኩ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ አያቶች ሳይቀሩ አይተውታል። ቁጥጥር ነው፤ ግን አክብሮትም አለው። ኖቬምበር 20 የመምህራን ቀን ነው፤ ያን ዕለት ልጆቹ አበባ ታቅፈው ሲመጡና እናቶች በሁለት እጃቸው ሲሰጡኝ፣ አያቴ ስለ የኔታ ስታወራ የነበረው ነገር ትዝ ይለኛል።

ቀትር ላይ ከተማው ይተኛል። ምሳ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከዚያ ሠራተኛው ጠረጴዛው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ጋደም ይላል። እስከ 7 ሰዓት ተኩል ለማንም አለመደወል ነው። አሁን እኔም እተኛለሁ። ስነሳ በፊን፣ ማለትም ጽዋ ላይ በምትቀመጥ ትንሽ የብረት ማጥለያ፣ የተንጠባጠበ ቡና በጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት። ቬትናም ከብራዚል ቀጥላ የዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ናት፤ አብዛኛው ግን ሮቡስታ የሚባለው ዝርያ ነው፣ ኃይለኛና መራራ። እማዬ በቪዲዮ አይታው «ይሄ ቡና ነው ሽሮፕ?» አለችኝ።

ስለ ኑሮው፦ በሰዓት ከ400 እስከ 500 ሺህ ዶንግ (የቬትናም ገንዘብ) ይከፈለኛል፤ የአንድ ክፍል ቤቴ ኪራይ በወር 7 ሚሊዮን ነው፤ ስለዚህ ይተርፋል። የ20 ሺህና የ500 ሺህ ዶንግ ኖቶች ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፣ ሁለቱም ላይ ሆ ቺ ሚን አሉ፤ ማታ ታክሲ ስትከፍሉ ዜሮዎቹን ቁጠሩ። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ወለሉና ግድግዳው ውኃ ያልባል፣ ጫማ ይሻግታል፤ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ከቴሌቪዥን ይቅደም።

ሞተር ሳይክል ሁሉም ይነዳል፣ ፈቃዱ ግን ወጥመድ አለው። አሜሪካ የምትሰጠው ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ በ1949ኙ (እ.ኤ.አ.) የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ነው፣ ቬትናም የምትቀበለው የ1968ቱን ነው። ስለዚህ ከ50 ሲሲ በላይ በዚያ ወረቀት የሚነዳ ሰው ያለ ፈቃድ እንደነዳ ይቆጠራል፤ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል። እኔ የአገሩን ፈቃድ እስካወጣ ግራብ በሚባለው የትራንስፖርት መተግበሪያ በሚጠራ ሞተር ነው የሄድኩት።

ልትመጡ ያሰባችሁ ዲግሪያችሁን እዚያው አገራችሁ አረጋግጡና ጨርሱ፤ እኔ ኖተሪ፣ ክፍለ ግዛት፣ ስቴት ዲፓርትመንት፣ ከዚያ ዋሽንግተን ያለው የቬትናም ኤምባሲ ዞሬያለሁ። የፖሊስ ማስረጃውን ግን አትቸኩሉበት፤ ከወጣ ስድስት ወር ካለፈው ለሥራ ፈቃድ አይቀበሉትምና መጨረሻ ላይ አውጡት።