የተሸጠ ዕቃ አይመለስም?

ዛሬ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ዕቃ ልመልስ ሄድኩ። የቧንቧ ሠራተኛው «ግዛ» ብሎ ያስገዛኝ ትልቅ የቧንቧ መፍቻና የብረት መጋዝ ነው። በሥራው ቀን ግን የራሱን ሙሉ ሳጥን ተሸክሞ መጣ! የእኔዎቹ ከነማሸጊያቸው ቀሩ።

ሻጩ ምንም ሳይናገር ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።» ይቺ ጽሑፍ የሌለችበት ሱቅ እስካሁን አላየሁም።

ደረሰኜን አወጣሁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁን፣ ቁጥር 813/2006ን ጠቀስኩለት። ሳቀ። «ዕቃው ጉድለት አለው እንዴ?» አለኝ። የለውም። አዋጁ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየር ወይም ገንዘቡ ይመለስ የሚለው ጉድለት ለተገኘበት ዕቃ ነው። እዚህ ላይ ልጁ ልክ ነው። ግን ያልተነካ ዕቃ መልሶ መደርደር ምን ያከስራል?

ጥግ ላይ ሻይ የሚጠጡ አንድ አባት ነበሩ። ለካ ባለቤቱ ናቸው። «በዕቃ ቀይርለት በቃ» አሉት። ትንሽ ብር ጨምሬ መጋዙን በቀለምና በብሩሽ ቀየርኩ። መፍቻውን ግን «እሱን ተወው ልጄ» አሉኝ።

አሁን መፍቻውን ለራሱ ለቧንቧ ሠራተኛው ልሸጥለት እየተደራደርን ነው። በግማሽ ዋጋ ካልሆነ ብሏል።