ዐራተኛው ጎማና የእናቴ ዶሮ

ከአባቴ የወረስኳት ላንድክሩዘር እ.ኤ.አ. በ1978 የተሠራች ቢጄ 40 ናት፤ በዕድሜ ሦስት ዓመት ስለምትበልጠኝ በጠባይዋም እንደ ታናሽ ወንድሟ ነው የምታየኝ። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል የምትውለው በደብረ ብርሃን አስፋልት ላይ ነው። አልፎ አልፎ ወደ ጫጫ ብቅ ትላለች፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ የእናቴ ዘመዶች ወዳሉበት፣ ከአንኮበር ቁልቁል ወደሚወስደው ኮረኮንች ትወርዳለች። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ያደረግኩት ነገር ምን ያህል ሳያስፈልግ እንደ ተደረገ አንባቢ እንዲታዘብልኝ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ የዚህችኑ ዓይነት መኪና ፎቶግራፍ በስልኩ አሳየኝ። የፎቶግራፏ መኪና ከመሬት ከፍ ብላ፣ ሰፋፊ ጎማዎቿን ከጎማ መሸፈኛው ከፓራፋንጎው ውጭ አውጥታ፣ ለጥምቀት እንደ ተሸለመ ፈረስ ደረቷን ነፍታ ቆማለች። ያን ካየሁ በኋላ የእኔዋ በቀጫጭን 7.50 በ16 ጎማዎቿ ላይ ተቀምጣ፣ ከደብረ ብርሃን ብርድ የተነሣ ትከሻዋን የሰበሰበች ባልቴት መሰለችኝ። በሳምንቱ 130 ኪሎ ሜትሩን ነድቼ አዲስ አበባ፣ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ገባሁ።

ነጋዴው የጠየቀኝ ሁለት ነገር ብቻ ነበር። አንደኛው ምን ያህል ከፍ እንድትል እንደምፈልግ ነው፤ 6 ሳንቲሜትር የሚያነሣና 10 ሳንቲሜትር የሚያነሣ ባሌስትራ፣ ማለት መኪናዋን የሚሸከም ተደራራቢ የሚታጠፍ ብረት፣ ነበረው። ሁለተኛው መኪናዬ ዘወትር ምን ያህል ጭነት እንደምትሸከም ነው፤ ባዶዋን ለምትሄድ የሚሰጠው ለስለስ ያለ፣ ከፊት መጎተቻ ዊንችና ከባድ የግጭት መከላከያ ፓራውልት ተሸክማ ከኋላ 300 ኪሎ ለሚጫንባት የሚሰጠው ግን ጠንከር ያለ ነው። በሰው በተሞላ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ቆሞ «ለስላሳውን ስጠኝ» ማለት ለወንድ ልጅ እንዴት እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። ስለዚህ ባለ 10 ሳንቲሜትሩን፣ ያውም ጠንካራውን አልኩ። ጎማውንም 33 በ12.5 በ15 ኢንች አደረግኩት፤ ከነቸርኬው፣ ማለት ጎማው ከሚገጠምበት ብረት ጋር። ገንዘብ ጥቂት ስለ ጎደለኝ ትርፍ ጎማዬን እዚያው ሸጬ ሞላሁ። ይህችን ትርፍ ጎማ አንባቢ አይርሳት።

ደብረ ብርሃን ያሉት መካኒኬ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ የምናውቃቸው አዛውንት ናቸው። ዕቃውን አንድ በአንድ አገላብጠው ካዩ በኋላ፣

«ምን ልታደርገው ነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የአንኮበሩ ድንጋይ ሆዷን እንዳይነካት ከፍ ላድርጋት ብዬ ነው።»

«ድንጋይ ቀድሞ የሚያገኘው በጎማዎቹ መካከል ያለውን ዲፈረንሻል ነው። ባሌስትራ ቦዲውን እንጂ ዲፈረንሻሉን አያነሣም። እሱ ከፍ የሚለው በጎማ ብቻ ነው፤ ያውም በግማሹ።»

ከኪሳቸው ሜትር አውጥተው አሮጌውን ጎማ ለኩ፤ ወደ 80 ሳንቲሜትር ነበር። አዲሱ 84 ሆነ። ልዩነቱ አራት፣ ግማሹ ሁለት። «ይኸውልህ፣» አሉና አውራ ጣታቸውን አጋድመው አሳዩኝ፤ «ይቺን ታህል ከፍ አልክ።» እኔም ሽማግሌ አዲስ ነገር አይወድም ብዬ በልቤ አለፍኩት። እርሳቸውም ብዙ ሳይከራከሩኝ ረዘም ያለ የፍሬን ቱቦና ረዘም ያለ ሾክ አብዞርበር አስገዝተውኝ በሦስት ቀን ውስጥ ገጠሙልኝ።

ለአንድ ቀን ያህል ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በማግሥቱ ግን መኪናዋ የደረሰባትን ቀስ በቀስ ትነግረኝ ጀመር። በፊትና በኋላ እግሯ መካከል ያለው ርቀት 2,285 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ አጭር ነው፤ ቦዲው ሲነሣም ዘንጉ እንደ ጣርማ በር ቁልቁለት ቀጥ ብሎ ስለ ተዘቀዘቀ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስነዳ ወንበሩ ከነእኔ ይንቀጠቀጣል። ቆጣሪው 80 ሲል በእውነቱ 84 ግድም እየሄድኩ ነው። ደግነቱ 80 አትደርስም፤ ቱርቦ የሌለው ባለ 3 ሊትር የናፍጣ ሞተር 2,840 ሜትር ላይ በሚገኝ ከተማ ውስጥ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ለስሱ አየር ገብሮ ነው የሚኖረው፤ እኔ ደግሞ በዚያ ላይ 32 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ጎማ ጨመርኩበት። መሪው የዘይት እገዛ የለውምና፣ ቆሜ ማዞር ባስፈለገኝ ቁጥር ወፍጮ የምገፋ ይመስለኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን በእኔና በመኪናዬ መካከል የቀረ ነውር ነበር። አደባባይ የወጣው በጥር፣ የዘመድ ሠርግ በመጣ ጊዜ ነው። እናቴ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና በተከፈተው በር ፊት ቆማ ወደ ላይ ተመለከተች።

«ይህ መኪና ነው ወይስ ቆጥ?»

በርጩማ መጣ። እናቴ በበርጩማው፣ አክስቴ በበርጩማውና በእኔ ትከሻ ወጡ፤ በርጩማውም ለመውረጃ ይሆናል ተብሎ አብሮን ተሳፈረ። ከኋላ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጠላ ጫንን። ያ ጠንካራ ባሌስትራ ይታጠፍ ዘንድ 300 ኪሎ ይፈልጋል፤ እናቴ፣ አክስቴና ጠላው ተደምረው ግን ያን አይሞሉም፤ ይህን ስሌት አክስቴ ፊት ጮክ ብዬ አልተናገርኩትም። እስከ አንኮበር አስፋልቱ አቻቻለን። ኮረኮንቹ ላይ ስንወጣ ግን ባሌስትራው እንደ ድንጋይ ደርቆ እያንዳንዷን ጠጠር ሳያስቀር ያስቆጥረን ጀመር፤ አክስቴ በአንድ እጇ ጣሪያውን፣ በሌላው የአንገቷን መስቀል ይዛ ጸሎት ላይ ነበረች።

አንዱ ጠባብ እጥፋት ላይ ስንደርስ ጤፍ የጫኑ አምስት አህዮች ከታች መጡ። በአሮጌው ጎማ በአንድ ጊዜ የምዞረው እጥፋት ነበርና መሪውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኩት። ያን ጊዜ የቀኝ ጎማ ከውስጥ ባሌስትራውን፣ ከውጭ ፓራፋንጎውን ነክሶ፣ በሕይወቴ ሰምቼ የማላውቀውን ረጅም ጩኸት አሰማ። ፊተኛዋ አህያ ቆመች፤ ጆሮዋን አቀናች፤ አንገቷን ዘርግታም በተመሳሳይ ድምፅ መለሰችልኝ። የቀሩት አራቱም ተከተሏት። ደንግጬ ፍሬን ስይዝ የአንዱ ጀሪካን ክዳን ተስፈንጥሮ፣ መንገዱን ሙሉ ሲናጥ የቆየው ጠላ እስከ ጣሪያው ፈልቶ በእናቴ ነጠላ ላይ ዐረፈ። የአህዮቹ ባለቤት መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ «ጌታዬ፣ ምኗን አሟት ነው?» አለኝ፤ የጠየቀኝ ከልቡ አዝኖ ነበር። ወደፊትና ወደኋላ እያልኩ በአምስተኛው ሙከራ ዞርኩ። ሠርጉ ላይ እናቴ ጠላ ጠላ እየሸተተች ተቀመጠች፤ ገና ሳትቀምሰው።

እንደ ተመለስን ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። «አልኩህ» አላሉኝም፤ ይህም ይበልጥ አሳፈረኝ። ጆሮ ያለውን ዋናውን ብረት ሳይነኩ፣ ከየባሌስትራው ከተደራረቡት መካከል ሁለት ሁለት አወጡ፤ መኪናዋ ዝቅም ለስለስም አለች። ዲፈረንሻሉንም ሽብልቅ አስገብተው ስላቀኑት መንቀጥቀጡ ቀረ። ከወጡት ብረቶች አንዱን ቀጥቃጭ ዘንድ ወስጄ ለእናቴ ቢላዋ አሠራሁላት፤ ስለ ነጠላው መካሻ መሆኑ ነው። የቀረው አሮጌዎቹን ጎማዎች መመለስ ብቻ ነበር።

ጎማዎቹ ከነቸርኬያቸው ከጓሮ መጋዘን ተጋድመው ተቀምጠዋል። ሦስቱን አወጣሁ። በዐራተኛው ቸርኬ ጎድጓዳ ውስጥ ግን የእናቴ ቀይ ዶሮ ጭድ ጎዝጉዛ፣ ዐሥራ አንድ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች።

«እንዳትነካት!» አለች እናቴ ከወጥ ቤት። «ከታቀፈች ገና ሁለት ቀኗ ነው።»

«እማዬ፣ ጎማው እኮ ያስፈልገኛል።»

«ሦስቱ አይበቃህም?»

ትርፍ ጎማዬ ሶማሌ ተራ ቀርታለች። ዶሮ 21 ቀን ትታቀፋለች፤ ስለዚህ መኪናዬ 19 ቀን ሙሉ በክሪክና በድንጋይ ላይ ቆማ፣ እኔም በባጃጅ ሥራ እየሄድኩ ጠበቅን። ዘጠኝ ጫጩት ተፈለፈለ። በሃያኛው ቀን ዐራተኛውን ጎማ ገጠምኩና በዚያው ከተማውን ዞርኩበት፤ መሪው እንደ ድሮው በሁለት ጣት ባይሆንም በሁለት እጅ ይዞር ነበር።

ሰፋፊዎቹን ጎማዎች በቦታቸው መጋዘን አስገብቼ ገዢ መፈለግ ጀመርኩ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ሰው ከደብረ ሲና ድረስ መጣ፤ ጎማዎቹን አይቶ ወደዳቸው፣ በዋጋም ተስማማን። ሦስቱን አንከባለን ካወጣን በኋላ ለዐራተኛው ስንመለስ እናቴ የመጋዘኑ በር ላይ ቆማለች።

«ይኼኛው ሰፊ ስለሆነ ነው መሰለኝ ዐሥራ አምስት ይዞላታል፤» አለችው። «የኔ ልጅ፣ ዛሬ ሦስቱን ይዘህ ሂድ።»

ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ስንት ቀን ቀራት?» አለኝ።